ጠብታው ከየት ነው? ዘይት የሚያፈስ አሮጌ ስፖርት መኪናና የጥገና ደብተሩ

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራች ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ የሚሏት። ሞተሯ ባለ 1.6 ሊትር ነው። ሁለት ወንበር፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ፣ ሲበሩ ብቅ የሚሉ የፊት መብራቶች አሏት። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ከገዛኋት ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እወዳታለሁ። ስለምወዳትም ነው በየሳምንቱ ከሥሯ ካርቶን የማነጥፈው።

ካርቶኑ ቀላል ነገር ነው፤ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ በላይ ጠቅሞኛል። ማታ መኪናዋን ሳቆም ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩና ከካምቢዮው ሥር እዘረጋለሁ። የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግበታለሁ። ቀኑንና የሄደችውን ኪሎ ሜትር ጥግ ላይ እጽፋለሁ። ጠዋት ጠብታ ካለ አከብበዋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካርቶኖቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ጠብታው እየጨመረ ይሁን ባለበት ይሁን፣ ቦታ ይቀይር አይቀይር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሮጌ ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከመኪናው ሥር ጥቁር ጠብታ ያያል። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ይደነግጥና ያለ የሌለ ገንዘቡን ጋራዥ ያፈሳል፤ ወይ "አሮጌ መኪና ያፈሳል፣ ምን ይደረጋል" ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም አያዋጣም። ዘይት የሚያፈስ መኪና መጀመሪያ የሚፈልገው ምርመራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚፈልገው ተራውን የሚጠብቅበት ደብተር ነው።

ፈሳሹን ለዩ

ካርቶኑ ላይ ያለው ነገር የሞተር ዘይት ላይሆን ይችላል። ጠብታውን በነጭ ሶፍት ንኩትና በብርሃን እዩት፤ አሽትቱትም። የሞተር ዘይት አዲስ ሲሆን ማር ይመስላል፣ ሲያረጅ ይጠቁራል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፈር ይላል፤ የሚከረፋ የድኝ ሽታ አለው፣ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም። የመሪ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ በጣትና በጣት መሃል ያንሸራትታል፣ ቀለም ላይ ከወደቀ ይልጣል። ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ደግሞ ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሌላ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ሽታው ጣፋጭ ነው። ኩላንት መርዝ ስለሆነ መሬት ላይ አትተዉት፤ ሕፃንም እንስሳም ሊቀምሰው ይችላል።

በኔ መኪና ዓይነት ላይ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር ካምቢዮው ጎን ላይ ተቀምጧል፤ የሚሠራውም በፍሬን ዘይት ነው። በውስጡ ያለው የማሸጊያ ጎማ ሲያረጅ ማፍሰስ ልማዱ ነው። ሰው ጠብታውን ያይና ሞተሩ አፈሰሰ ብሎ ይደነግጣል። ዘይቱን ሳይለይ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ሥራውን ከተሳሳተ ቦታ ነው የሚጀምረው።

የክራንክ የኋላ ኦይል ሲል ነው የተባልኩበት ቀን

በሁለተኛው ዓመት ጠብታው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ሥር መውደቅ ጀመረ። የሞተር ዘይት ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና "የክራንክ የኋላ ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት" አለኝ። እውነት መሰለኝ። ጠብታው የሚወድቀው እዚያው ነው፤ ኦይል ሲሉም፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ (ክራንኩን) ከብቦ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ያለው እዚያው ነው።

ካምቢዮው ወረደ። ፍሪሲዮኑ ተፈታ። ሲሉ ተቀየረ። ሁለት ቀን ሙሉ የሠራተኛ ዋጋ ከፈልኩ። በሦስተኛው ጠዋት ካርቶኑን ሳወጣው ጠብታው እዚያው ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ላይ ነበር። መጠኑም አልቀነሰም። ካርቶኑን በእጄ እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ የእጅ ባትሪና እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት ይዤ ጎንበስ አልኩ። የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጀርባ ከመኪናው ግድግዳ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ እጅ በጭንቅ ነው የሚገባው። እዚያ ካም አንግል ሴንሰር የሚባል ዕቃ አለ፤ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አቀማመጥ እያነበበ ለኮምፒውተሩ የሚናገር። መስታወቱን ከሥሩ ሳስገባ ያብለጨልጭ ነበር። ከዚያ ተነስቶ አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር በሞተሩ ጀርባ ወርዶ፣ በካምቢዮው ደወል መሰል ቤት ላይ ተንሸራትቶ፣ ታች ጫፉ ላይ ይጠራቀምና ይንጠባጠባል። የክራንክ ሲሉ ምንም አላደረገም ነበር።

ሴንሰሩን ሳወጣ አንድ ኦ-ሪንግ ላዩ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁ። አዲስ ሲሆን ቁርጡ ክብ ነው፤ ይህ ግን ጠፍጥፎ አራት ማዕዘን ሆኗል። በጥፍሬ ጫን ብለው ወደ ውስጥ አይገባም። ለማጠፍ ስሞክር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ የተቀየረ አይመስለኝም። ለዚህች የጎማ ቀለበት ነው ካምቢዮ የወረደው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ዘይት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ ሳይሆን የረጠበውን ከፍተኛውንና የፊተኛውን ነጥብ ፈልጉ። ምንጩ እዚያ ነው።

ምንጩን መፈለግ

ሞተሩ በአሮጌ ጭቃና ዘይት ከተሸፈነ ምንም አታገኙም። መጀመሪያ እጠቡት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ዲናሞውን፣ የኮረንቲ መጋጠሚያዎችንና የአየር ማስገቢያውን በፕላስቲክ ሸፍኑ። የዘይት ማጽጃ ፈሳሽ ረጭታችሁ በብሩሽ ፈትጉ፤ ከዚያ በዝግታ በሚወርድ ውሃ አለቅልቁት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ሲሎቹንና የኮረንቲ ክፍሎቹን ይጎዳል፤ እኔ አልጠቀምም። በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነጭ ዱቄት ነው፤ ለእግር የሚረጨው ዓይነት ይበቃል። የጠረጠራችሁትን ቦታ ዱቄቱን ነፋ አድርጉበት፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ንዱ፣ አቁሙና እዩ። ዘይቱ ነጩን ዱቄት አርጥቦ መንገዱን ይስልላችኋል። ሁለተኛው ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ቀለም ነው። ትንሽ ጨምራችሁ ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ በጨለማ በአልትራ ቫዮሌት ባትሪ ስታዩት ምንጩ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ዱቄት ለማይደርስበት ጠባብ ቦታ ይህኛው ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር እንዳትገቡ። ክሪክ ለማንሻ ነው። ከገባችሁ በጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳርፏት፣ ጎማዎቹን በሽብልቅ አግዱ፣ ከመግባታችሁ በፊት መኪናዋን ወዝወዝ አድርጋችሁ ሞክሯት። ይህን ለማንም ሰው ደጋግሜ ነው የምናገረው።

ሲል ከመቀየራችሁ በፊት መተንፈሻውን እዩ

ፒስተኑ ነዳጁን ሲያቃጥል ትንሽ ጋዝ በቀለበቶቹ ጎን አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ይህ የሁሉም ሞተር ጠባይ ነው። ጋዙ የሚወጣበት ፒሲቪ የሚባል ቫልቭ አለ፤ በኔ መኪና የቫልቭ ክዳኑ፣ ቴስታታውን ከላይ የሚሸፍነው፣ ላይ ተሰክቷል። ይህ ቫልቭ በጥቀርሻ ከተዘጋ ግፊቱ ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ የደከመውን ሲል ገፍቶ ዘይቱን ይዞ ይወጣል።

ቫልቩን ነቅላችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ደህና ከሆነ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ አፉን በጣት ስትዘጉት የመሳብ ኃይል ሊሰማችሁ ይገባል። ድምፅ ከሌለው ወይም ካልሳበ ቀይሩት፤ ርካሽ ነው። ወደ እሱ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎችም ፈትሹ። ሲል ቀይረው በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና የፈሰሰባቸውን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለዚህ ቫልቭ ነው።

የቫልቭ ክዳን ጋስኬት

ብዙ አሮጌ መኪና ላይ የመጀመሪያው የዘይት ምንጭ ይህ በክዳኑና በቴስታታው መሃል ያለው የጎማ ማሸጊያ ነው። ጎማው በሙቀት ብዛት ይደርቅና እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ምልክቱ ከቴስታታው ጠርዝ ላይ የሚወርድ እርጥበት ነው። ካንዴላ ስታወጡ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁም ከዚሁ ነው። ዘይቱ ወደ ጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ከወረደ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪና ውስጥ ይገባል። ይህ ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ አታሳድሩት።

ሥራው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የካንዴላ ገመዶቹን ተራቸውን ጽፋችሁ አውጡ። ቱቦዎቹንና የነዳጅ መስጫውን ሽቦ መያዣ ፍቱ። ብሎኖቹ ባለ 10 ናቸው። ክዳኑ ካልተላቀቀ በጎማ መዶሻ ጎኑን ቀስ ብላችሁ ምቱት። በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አታንሱት፤ አልሙኒየም ስለሆነ ጠርዙ ይቧጨራል፣ የተቧጨረው መስመርም አዲስ የማፍሰሻ በር ይሆናል።

አሮጌውን ጋስኬት ከገባበት ቦይ አውጡና ቦዩን በጨርቅና በማጽጃ አልኮል አጥሩት። የቴስታታውንም ፊት እንዲሁ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ ይህ ነው። ዘይት በቀረበት ቦታ ላይ ምንም ነገር አይታሸግም።

ከዚያ ሲሊኮን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበዛዋል። ጋስኬቱ ዙሪያውን ሲሊኮን አይፈልግም። የሚፈልገው የካምሻፍቱ የፊትና የኋላ መያዣዎች ከቴስታታው ጋር በሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ነጥብ። ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ወድቆ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል።

ስታስሩ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጫፍ ሂዱ፤ በሁለት ዙር። በኔ ሞተር ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ከ5 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት የሚሰጥ ያህል። በልምድ ብቻ ጠበቅ ያደረገ ሰው አልሙኒየሙ ውስጥ ያለውን ጥርስ ይበላዋል። ቶርክ ሬንች፣ ብሎን የሚታሰርበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ግዙ፤ ለትንሽ ኃይል የሚሆን ትንሹን ዓይነት። ከገዛኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ ገንዘቡን ቶሎ የመለሰልኝ እሱ ነው።

ሴንሰሩና ኦ-ሪንጉ

የኔ ዓይነት መኪና ላላችሁ፣ ከላይ የነገርኳችሁን ኦ-ሪንግ እንዲህ ነው የምትቀይሩት። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ሴንሰሩ ሲዞር የእሳቱ ጊዜ፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ይቀየራል፤ ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ሴንሰሩና ቴስታታው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በሹል ብረት ጭረት አድርጉ። በነጭ ቀለም ደግሙት። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ባለ 12 ብሎኑን ፍቱ። ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ፣ ትንሽ ዘይት ይወርዳል። ሴንሰሩን ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ብዙ ጊዜ ተጣብቆ እምቢ ይላል፤ ታገሱት፣ አትምቱት።

አዲሱ ኦ-ሪንግ ቪተን ከሚባለው ጎማ የተሠራ ቢሆን እመርጣለሁ። ተራው ናይትራይል ጎማ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ ቪተን ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ይችላል። በንጹሕ የሞተር ዘይት አርሱትና አስገቡ። ሴንሰሩን መስመሩ እስኪገጥም መልሱት። በመጨረሻ የእሳቱን ጊዜ በታይሚንግ መብራት አረጋግጡ። መመርመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢኤን የሚለውንና ጂኤንዲ የሚለውን በሽቦ ስታገናኙ ንባቡ ፒስተኑ ከሚደርስበት ከላይኛው ነጥብ በፊት 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚህ ከራቀ ሴንሰሩን በጥቂቱ አዙሩ።

ጠቅላላ ሥራው አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ቦታ ደረቅ ነው።

የፊትና የኋላ ሲሎች

የፊቶቹ ሲሎች ሦስት ናቸው፤ ሁለት የካምሻፍት፣ አንድ የክራንክ። ሁሉም ከታይሚንግ ቤልቱ፣ ክራንኩን ከካምሻፍቶቹ ጋር ከሚያያይዘው ቀበቶ፣ ጀርባ ናቸው። ቤልቱ ላይ ዘይት ከደረሰ ጎማውን ስለሚያበላሸው ይህ ፍሳሽ አይጠብቅም። የውሃ ፓምፑም ቤልቱ ሳይወጣ አይነካም። ቤልቱ ደግሞ በኔ መኪና በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሲከፈት አምስቱም አብረው ይቀየራሉ፦ ቤልት፣ መወጠሪያና ማስተካከያ ኩሽኔታዎች፣ ሦስቱ ሲሎች፣ ፓምፑ፣ የፓምፑ ጋስኬት። የሲል ዋጋ ከጉልበቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሲል ስታስገቡ ከንፈሩን ዘይት ቀቡት። የውጭ ጠርዙን ብቻ በሚነካ ሶኬት ወይም የቧንቧ ቁራጭ ቀስ እያላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። አሮጌው ሲል ዘንጉ ላይ ቦይ ቆፍሮ እንደሆነ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ቦይ ካለ አዲሱን ሲል ትንሽ ወጣ ወይም ገባ አድርጋችሁ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ።

የክራንክ የኋላው ሲል በእርግጥ ከፈሰሰስ? ከፍሪሲዮኑ ጋር ጠብቁት። ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ የቀረበ ከሆነ ሲሉ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክና ፕሌት፣ የመልቀቂያው ኩሽኔታ፣ የካምቢዮው የፊት ሲል በአንድ መውረድ ይቀየሩ። ልዩ ሁኔታው ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ከደረሰ ነው። ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ መጠበቅ አይቻልም።

የዘይቱ ገንዳ፣ ኮፓው፣ ሌላ ነገር ነው። በኔ መኪና እሱን ለማውረድ ሞተሩ መነሳት ወይም የፊቱ የብረት ድጋፍ መውረድ አለበት። ኮፓዬ ላብ ላብ ይለዋል። እኔም አልነካውም። ሞተሩ በሌላ ምክንያት የሚወጣበት ቀን ድረስ በየጊዜው እጠርገዋለሁ።

የትኛው ይጠብቃል?

20 ጠብታ በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። በሌሊት 10 ጠብታ የምትጥል መኪና ቆማ በወር የምታፈሰው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። መሬት ላይ ሲታይ ያስፈራል፤ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ለሚይዝ ሞተር ግን ትንሽ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ ግፊትም አለው። መንገድ ላይ የሚፈሰውን ካርቶኑ አያየውም። እውነቱን የሚናገረው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። በየሳምንቱ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ለኩ። የጨመራችሁትን ጻፉ።

በኔ ሚዛን ዘይቱ የጋለ ጭስ ማውጫ፣ ቤልት፣ ፍሪሲዮን ወይም ፍሬን ላይ የሚደርስ ከሆነ መኪናዋ አትንቀሳቀስ። ጎማ ቱቦና የሞተር መቀመጫ ጎማ ላይ የሚወርድ ከሆነ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠገን፤ ዘይት እነሱን ያላሽቃቸዋል። ኮፓው ላይ እርጥብ ብሎ የሚቀር ከሆነ ደብተር ላይ ተጽፎ ይጠብቅ።

ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ ዘይት ውስጥ የሚጨመረውን መድኃኒት በተመለከተ፣ እኔ አልጨምርም። ብዙ ኪሎ ሜትር ለሄዱ ሞተሮች የተዘጋጀ ዘይት ውስጥ ጎማ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር አለ፤ ትንሽ ላብን ሊቀንስ ይችላል። ያንን መጠቀም ክፋት የለውም። የተሰበረ ኦ-ሪንግን ግን ምንም ዘይት አይቀጥለውም።

ደብተሩ

ዋጋ ከቦታ ቦታ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ደብተሬ ውስጥ የምጠቀመው መለኪያ አንድ ዘይት ቅያሪ ነው፤ የዘይትና የፊልትሮ ዋጋ በአንድ ላይ። ሌላውን ሁሉ በዚህ እለካለሁ። ዋጋ ቢጨምርም ሂሳቡ ብዙ አይዛባም፤ አብሮ ይጨምራልና።

እያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር አለው፦ መቼ ተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ መቼ ይደርሳል፣ ስንት ዘይት ቅያሪ ያወጣል። ከዚያ ዋጋውን ለሚቆይበት ዓመት አካፍላለሁ። የራሴ መኪና እንዲህ ወጣች። ሥራውን አብዛኛውን ራሴ ስለምሠራ የዕቃ ዋጋ ብቻ ነው። ዘይት በዓመት ሁለቴ፣ 2። አራት ጎማ 12፤ ስድስት ዓመት ስለምይዝባቸው በዓመት 2። የታይሚንግ ቤልቱ ሥራ ከነሲሎቹና ከነፓምፑ 9፤ በስምንት ዓመት ሲካፈል 1 ትንሽ ያልፋል። ፍሪሲዮን ከነኋላው ሲል 10፣ በአሥር ዓመት፣ 1። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ኩላንት በዓመት 2። ራዲያተርና የውሃ ቱቦዎች 6፣ በአሥር ዓመት፣ ከግማሽ ትንሽ በላይ። ድምሩ 9 አይሞላም።

ግን ድምሩ ላይ አላቆምም። ሲሶውን ላልታሰበ ነገር እጨምርበታለሁ። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ላስቲክና ሽቦ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ነው የሚሄደው። ያኔ ወደ 12 ይጠጋል። በወር አንድ ዘይት ቅያሪ ማለት ነው። በየወሩ ያንን ያህል ለብቻው አስቀምጣለሁ። መኪናዋ በዚያ ወር ምንም ባትጠይቅም አስቀምጣለሁ። ሥራውን ለጋራዥ የምትሰጡ ከሆነ የጉልበቱን ዋጋ ለብቻው ጠይቁና በየመስመሩ ጨምሩ፤ በተለይ ካምቢዮ በሚወርድበት ሥራ ላይ ከዕቃው ይበልጣል።

ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ ቅደም ተከተሌ አይለዋወጥም። መጀመሪያ ሰው የሚገድለው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ የነዳጅ ቱቦ። የጎማ ዕድሜ ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ተጽፏል፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ቢሆንም እንኳ ያረጀ ጎማ ደርቆ መንገድ አይዝም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ። ቀጥሎ ሞተር የሚገድለው ወይም መንገድ ላይ የሚያቆመው፦ ማቀዝቀዣው፣ የዘይቱ መጠን፣ ቤልቱ። የኔ መኪና ራዲያተር ላይኛው ክፍል ፕላስቲክ ነው። ጥቁር የነበረው ቡናማ መሆን ሲጀምር ሊሰነጠቅ እንደደረሰ እወቁ። መንገድ ላይ ፈንድቶ ሞተሩ ከመጋሉ በፊት ቀይሩት። የሚያናድደው ግን የማይጎዳው ፍሳሽ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጎማና ማርሚታ ማሳመር ከእሱም በኋላ።

መኪናውን ገና ልትገዙ ከሆነ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለግዢው አታውሉት። የመጀመሪያው ዓመት ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል፤ የቀድሞው ባለቤት ያሳደረው ሁሉ ይጠብቃችኋል። ደብተር ካልሰጣችሁ ሁሉም ፈሳሽ፣ ሁሉም ቤልት፣ ሁሉም ቱቦ አልተቀየረም ብላችሁ ጀምሩ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የከፈልኩት የ20 ዘይት ቅያሪ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ 12 ወረደ።

ባለፈው እሑድ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ ነበር፤ ሁለቱም ከኮፓው ፊት ለፊት። ከበብኳቸው። መለኪያው ዘንግ ከባለፈው ሳምንት አልወረደም። ደብተሩ ላይ ከኮፓው መስመር ጎን "2 ጠብታ፣ ደረጃው ባለበት" ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ የታይሚንግ ቤልቱ ቀን 7,000 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ሦስቱ ሲሎች ተገዝተው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ፓምፑ ይቀራል።